ሐረጉ ሳያውቅ ያለፉት ሁለት ቀናት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና የቤቱን ጣሪያ ሳትሻገር፣ በአዋላጇ ግቢ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አትክልተኛው ነው፤ የእጅ ጋሪውን አቁሞ መሣሪያ ያወርዳል። ሁለተኛው የወንድሙ ልጅ ቀጮ ነው፤ ጋሪውን ተደግፎ ያዛጋል። ሦስተኛዋ የግቢው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ናቸው፤ በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አራተኛዋ የአትክልተኛው ልጅ ናት። እሷን እንኳ ነበረች ለማለት ያስቸግራል። አካሏ ነበር።

«ደመና!» አለ አባቷ።

ልጅቷ የውሃውን ጎማ እንደያዘች አንጋጣ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ደመና!»

አሁንም ዝም።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት አባዬ!»

አዋላጇ ሻያቸውን እስኪያፈሱ ሳቁ። «ምን ታደርጋታለህ፤ ስትወለድም እንዲሁ ነበረች። ሌላው ሕፃን ራሱ ተጣድፎ ይመጣል፤ እሷን ግን ሦስቴ ጠርቻት ነው የወጣችው። ይሄኛው ደግሞ» አሉና በአገጫቸው ወደ ቀጮ ጠቆሙ፣ «በእግሩ ነው የመጣው። ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ሊሮጥ!»

«እማማ፣ እባክዎ ይሄን ነገር ለሰው አይንገሩብኝ» አለ ቀጮ ጆሮው እየቀላ።

ደመና የትምህርት ቤት ስሟ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ወተት ግዢ ተብላ ተልካ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ባዶ ጣሳ ይዛ ተመለሰች። «ወተቱስ?» ስትባል፣ «ደመናው እየሄደ ነበር፤ እስኪያልፍ ስጠብቀው ረሳሁት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ተጣበቀባት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ደመናው ግን ገና አላለፈም።

አባቷና ታላቅ ወንድሙ የሰፈሩን ግቢዎች ተካፍለው ሲሠሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ያጠጣል፤ አንዱ ሲኮተኩት ሌላው ይጠርጋል። ሲከፋፈሉ አንድ ደንብ ነበራቸው። ጠዋት ጋሪው ዘንድ ቆመው «አጥሩ የእኔ፣ ውሃው የአንተ» ይባባላሉ። ያ ከተባለ በኋላ አጥሩ ቢጣመም የሚጠየቀው አጥሩን የያዘው ነው፤ ሣሩ ቢደርቅ የሚጠየቀው ውሃውን የያዘው ነው። «ሥራ የያዘ ስሙንም ይይዛል» ይላሉ። በዚህ ደንብ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይጣሉ ኖረዋል።

ዘንድሮ ግን ታላቁ ወንድም ወገቡን ታመመና ልጁ ቀጮ ተተካ። ደመና ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቷን ለምና መጣች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪ ሸሚዝ እንደ ጉድ ይታዘዛል፤ በየዓመቱ ደመና እረፍቱን የምታሳልፈው እዚያች ጠባብ የስፌት ክፍል ውስጥ፣ የካውያው ትኩሳት ፊቷን እየለበለባት፣ መስኮት በሌለው ግድግዳ ፊት ቁልፍ ስትሰፋ ነበር። ዘንድሮ እናቷ አሰበች፣ አሰበችና እሺ አለች።

«ግን አንድ ስሞታ» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «አንዲት ስሞታ ብቻ ከሰማሁ፣ ወደ ክፍሉ ነሽ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሞታ አልተሰማም። ደመና ይህን ያህል ጊዜ ደስ ብሏት አታውቅም። ጠዋት የጎማው ውሃ ሣሩ ላይ ሲረጭ ትንሽ ቀስተ ደመና ይወጣል፤ እሷ ስትንቀሳቀስ አብሯት ይንቀሳቀሳል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ፣ ትላለች ለራሷ፣ ይሄ ከተማ አንድ ትልቅ አትክልት ነው፤ ቤቶቹ ናቸው መሃሉ ላይ የበቀሉት። እኛ አረሞቹን እያጠጣን ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

«ቀጮ አጥሩን» አለ አባቷ። «ደመና ውሃውን። እኔ የጥርስ ሐኪሙ ግቢ ነኝ፤ ከቀትር በፊት እመለሳለሁ። ተባብለናል?»

«ተባብለናል» አሉ ሁለቱም።

አባቷ ትልቁን የአጥር መቀስና ትንሿን መቀስ ለቀጮ ሰጥቶ ጋሪውን እየገፋ ወጣ። አዋላጇም ሻያቸውን ጨርሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ያኔ ቀጮ ዙሪያውን ቃኘና ጠጋ አላት።

«ስሚ፣ ራሴ ዞሯል። የእፅዋት ስም ሳጠና እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ሴትየዋ ትመጣለች እኮ።»

ሴትየዋ የከተማው መናፈሻ ኃላፊ ናት። በዓመት አንድ ወጣት ብቻ ለሥራ ልምምድ ትወስዳለች፤ ዘንድሮ የደመናን አባት «የምታምነው ልጅ አለ?» ብላ ጠይቃው ነበር። አባቷ ለሰው በቀላሉ ቃሉን የሚሰጥ ሰው አይደለም። «አለ፤ መጥተው ሥራውን ይዩት» ማለቱን ቀጮ ከሰማ ጀምሮ እግሩ መሬት አልነካም።

«ትንሽ ጋደም ልበል፤ ግማሽ ሰዓት» አለ። «አንቺ ከላይ ከላዩን ቁረጪልኝ። መቀስ መያዝ ትፈልጊ የለ?»

ትፈልጋለች። አባቷ ግን አንድ ሙሉ እረፍት ሳትማር መቀስ አልሰጥሽም ብሏታል። «መጀመሪያ እጅሽ ይሂድ» ይላታል ሁልጊዜ። «ልትቆርጪው ያሰብሽውን በእጅሽ ይዘሽ እስከ ጫፉ ተከተዪው። የት እንደሚደርስ ሳታውቂ አትቁረጪ።»

«አባዬ ቢመጣስ?»

«አቦ አትጨናነቂ፤ ሲመጣ ጋሪው ሲንቋቋ እሰማለሁ» አለና የዛፉ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ተኛ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ደመና ትልቁን የአጥር መቀስ አነሳች። መጀመሪያ እጇ ከበዳት፤ ከዚያ ለመደችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቅጠሉ እግሯ ሥር ይረግፋል፤ ሲቆረጥ የሚሸት አረንጓዴ ሽታ አለው። አጥሩ ረጅም ነው፤ ጀርባው ሲስተካከል አንዳች ትልቅ ዓሣ ነባሪ መሰላት። ዓሣ ነባሪው ፀሐይ ሊሞቅ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ተኝቷል፤ እሷ ጀርባውን እያከከችለት ነው። ትንሽ ቢደላው ተነስቶ ይዋኛል፤ ግንቡን አልፎ፣ የጥርስ ሐኪሙን ግቢ አልፎ፣ እስከ ውሃ ድረስ። አባዬ ከታች ሆኖ ያየኛል። አቤት አባዬ፣ እዚህ ነኝ እለዋለሁ።

አጥሩ መሃል ላይ አንድ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ግንድ ከቅጠሉ መካከል ተጋድሞ አገኘች። የአጥሩ ዓይነት አይደለም። ትልቁ መቀስ አልቆርጠው አለ። ትንሿን አነሳች። እጇ መቀሱ ላይ፣ ልቧ ዓሣ ነባሪው ላይ ነበር።

ቀጭ።

ግንዱ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ውሃ ጤዛ መስሎ ወጣ። ያን ውሃ ስታይ ነው ከሄደችበት የተመለሰችው። ይሄ ግንድ ይጠጣል ማለት ነው። ከሆነ ወዴት ነው የሚሄደው? አሁን እጇን ላከችው። እጇ በቅጠሉ ውስጥ ወደ ላይ ወጣ፤ እስከ ክንዷ፣ እስከ ትከሻዋ። ግንዱ ከአጥሩ ወጣ፤ የእንጨቱን ምሰሶ ተጠመጠመ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ከራሷ በላይ ሄደ።

ቀና አለች። ከላይ የአዋላጇ ዳስ አለ። ሰባት ዓመት ያደገው ሐረግ ምሰሶውን ሁሉ አልብሶ፣ ወፍራም ሰም የተቀቡ የሚመስሉ ቅጠሎቹን ዘርግቶ፣ በሐምራዊ አበባ ተጥለቅልቆ ቆሟል። ንቦቹ ይዘምራሉ። አንድም ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ሐረጉ ገና አልሰማም።

ዞር ብላ ቀጮን አየችው፤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከዚያ ያደረገችውን ያደረገችው አስባ አይደለም። የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አጋጥማ፣ ረጅም ሣር ነቅላ፣ አጥብቃ ጠቀለለችው፤ የተሰበረ ጣት እንደሚታሰር። ላዩን ጭቃ ቀባችውና ቅጠሉን መለሰችበት።

ቀጮ ሲነቃ አጥሩ አልቋል።

«ውይ፣ በጣም ተኛሁ እንዴ?» ዓይኑን እያሸ አጥሩን ተመለከተ። «እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን አጥሩ ትንሽ ጠጥቷል፤ ተንገዳግዷል።» እየሳቀ መቀሱን ተቀብሏት የተወላገደውን አስተካከለ። «ፊትሽ ምን ሆኗል? ፀሐይ መታሽ?»

«ምንም አልሆንኩም» አለች ደመና።

ረቡዕ ሰማዩ ተሸፍኖ ዋለ። ፀሐይ አልነበረችም፤ ለስላሳ ነጭ ብርሃን ብቻ። በሐረጉ ላይ ምንም አይታይም። ደመና ከሩቅ አየችው፤ ቀርባ አየችው። አበባው አበባ ነው፤ ቅጠሉ ቅጠል ነው። ምናልባት ገጥሟል፣ አለች። ምናልባት ሣሩ ይዞታል። ጎማውን ይዛ ሥሩን አጠጣችው፤ ውሃው አፈሩን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አጠጣችው። ውሃው ከሥሩ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የሣሩን እስር ሲያልፍ፣ በምሰሶው ሲጠማዘዝ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። እውነት መሰላት።

አዋላጇ ከዳሱ ሥር ወንበራቸውን አስቀምጠው ትራሳቸውን አስተካከሉ። ከምሳ በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚተኙት እዚህ ነው።

«ዘንድሮ አበባው በዛ አይደል?» አሉ ወደ ላይ እያዩ።

«አዎ እማማ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ስቀበል እንቅልፍ የሚሉትን ነገር አላውቅም ነበር። ልጅ ደግሞ መምጣት የሚወደው ሰው ሊተኛ ሲል ነው። አሁን ያጣሁትን እንቅልፍ እዚህ ሥር አንድ በአንድ እየለቀምኩት ነው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጎማውን ቀስ አድርጊው፤ ድምፁ ደስ ይላል።»

ደመና ውሃውን ቀስ አደረገችው። አሮጊቷ ተኙ። የአበባ ቅጠል አንዲት ብቻ ተነጥላ፣ ዞራ ዞራ፣ ትራሳቸው ላይ አረፈች። ልንገራቸው፣ አለች ደመና በልቧ። ሲነቁ እነግራቸዋለሁ። ሲነቁ ግን ጎማውን ጠቅልላ ሄዳ ነበር።

ሐሙስ ፀሐይ ወጣች፤ ሐረጉም ሰማ።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር። አዋላጇ ሰው ልከው አባቷን አስጠሩት። መጥቶ መጀመሪያ አፈሩን ነካ፤ እርጥብ ነው። ቅጠሉን ገልብጦ አየ፤ ተባይ የለም። ከዚያ ምንም ሳይናገር እጁን ሐረጉ ላይ አደረገና ከላይ ወደ ታች ይከተለው ጀመር። ቀጮና ደመና ጎን ለጎን ቆመው ያዩታል። እጁ ምሰሶውን ዞረ፤ ወረደ፤ አጥሩ ውስጥ ገባ። እስከ ክርኑ። እስከ ትከሻው። ቆመ።

ሲያወጣው መዳፉ ላይ የደረቀ ሣርና ጭቃ ነበር።

«በሣር ታስሯል» አለ በቀስታ። «ተቆርጦ በሣር ታስሯል።»

አዋላጇ ተነስተው መጡና እስሩን አገላብጠው አዩት። «ይሁን እንጂ አስተሳሰሩ ጥሩ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም።

«ማክሰኞ አጥሩን የያዘው ማን ነበር?» አለ አባቷ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀው።

ቀጮ የሣሩን እስር አየ። ከዚያ ደመናን አየ። ለአፍታ ብቻ ነበር፤ ግን በዚያች አፍታ ሁሉንም ሲረዳው በፊቱ ላይ አየችው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ቀጮ።

«ሳትከተል ቆረጥክ?»

«አዎ።»

«ቆርጠህ ደበቅክ?»

«አዎ።»

አባቷ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። «መቁረጥ ያጋጥማል» አለ። «እኔም ቆርጬ አውቃለሁ። ደብቆ ሁለት ቀን ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ሴትየዋ ስትመጣ ያየሁትን ነው የምነግራት። የማላምነውን እጅ እመኑት ብዬ ለሰው አልሰጥም።»

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ቀጮ ጋሪውን ይገፋል፤ ደመና ከጎኑ ትሄዳለች። ጥላቸው ከፊታቸው ረዝሞ መንገዱን ሞልቶታል፤ የእሱ ጥላ የስልክ እንጨት ይመስላል።

«ለምን?» አለች።

«ምን ለምን?»

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«አጥሩ የእኔ ነበር። ተባብለናል። የተኛሁት እኔ ነኝ።»

«የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። የደበቅኩትም።»

ጋሪውን አቆመ። «እና ምን ላድርግ? እናትሽ ያቺ ክፍል ውስጥ ትከታሻለች። ባለፈው ዓመት አይቼሽ የለ፤ በግድግዳው ውስጥ ሰማይ የምትፈልጊ ትመስዪ ነበር።» ከዚያ ሊቀልድ ሞከረ። «እኔ እንደሆነ በእግሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ችግር ለምጃለሁ።»

«መናፈሻውስ?»

«ለከርሞ አለ።»

«ለከርሞ እኮ ሌላ ሰው ነው የምትወስደው።»

«ተይው ባክሽ!» አለና ጋሪውን ገፋ። ድምፁ ስለተሰበረ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። ደመና ቀሪውን መንገድ የጋሪውን መንኮራኩር እያየች ሄደች።

ዓርብ እራት ከመቅረቡ በፊት እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትሰፋለች። አባቷ በር ላይ ተቀምጦ መቀስ ይስላል። እናቷ ጉልበት ላይ ያለው ጨርቅ ሰማያዊ ነው፤ አዲስ።

«ይችን እጅጌ ያዢልኝ» አለቻት። ደመና ያዘች። «ለቀጮ ነው። ነገ ሰው ፊት ሲቀርብ የአባቱን ካኪ ሸሚዝ ለብሶ እንዳይሄድ። ውስጡ ሁለት ሰው ይገባል እኮ።»

«አያስፈልገውም» አለ አባቷ ከበሩ።

መኪናዋ ቆመች። «ለምን?»

አባቷ ነገራት። አጭር አድርጎ ነው የነገራት፤ ሐረጉን፣ ሣሩን፣ ሁለቱን ቀን። እናቷ መነጽሯን አወለቀች።

«ቀጮ?» አለች። «ያ እንቁላል ሲልጥ እንኳ እንዳያመው የሚጠነቀቅ ልጅ?»

«እኔንም ገርሞኛል። ግን ራሱ ነው ያመነው።»

«እንግዲህ» አለች እናቷ። ሸሚዙን አነሳችው፤ አየችው፤ መልሳ መርፌው ሥር አደረገችው። «ቢሆንም እጨርሰዋለሁ። ሸሚዙ ምን አጠፋ።»

መኪናዋ እንደገና ተነሳች። ደመና እጅጌውን እንደያዘች ነው። ጨርቁ በጣቶቿ መካከል እየተሳበ ያልፋል፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ሌላ ቀን ቢሆን ወንዝ ይሆንላት ነበር፤ ጀልባ ታስቀምጥበት ነበር። ዛሬ እጅጌ ብቻ ነው። የቀጮ ረጅም ቀጭን እጅ የሚገባበት እጅጌ።

ቅዳሜ ጠዋት የመናፈሻው ኃላፊ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ የጎማ ቦቲ ተጫምታለች፤ እንደገባች ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ዓይኗ ግቢውን ይዞራል። ሣሩን በእግሯ ጫን ጫን አደረገችው። አጥሩ ላይ በአንድ ዓይኗ አነጣጠረች። ከዚያ ዳሱ ጋ ደረሰች። ሐረጉ ቡናማ ሆኖ ምሰሶው ላይ ይንሿሿል። ሥሩ ባለው የአዋላጇ ወንበር ላይ ፀሐይ አርፋበታለች።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

አባቷ ባርኔጣውን አወለቀ። «ስለ ልጁ ልነግርዎት የነበረው ይሄንን ነው» አለ። «ትጉ ልጅ ነው። ጠዋት ይነሳል፤ ሥራ አያማርጥም። ግን…»

«ቆይ» አለች ሴትየዋ። «እሱ ራሱ ይንገረኝ። አንተ ነህ የቆረጥከው?»

ቀጮ ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሷል። እጅጌው ልኩ ነው። እጁን ከጎኑ አድርጎ ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ሊለው ነው። ደመና ከአጥሩ አጠገብ ሆና አየችው። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ሐረጉን የቆረጠው እሱ ይሆናል፤ ለዘላለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሷ ውሃ ታጠጣለች፤ ነገም ታጠጣለች፤ ትንሿ ቀስተ ደመናም ትወጣለች፤ ግን እንዴት አድርጋ ታያታለች?

የጎማውን ቧንቧ ዘጋችው። ውሃው ቆመ።

«እሱ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጎላ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ።

«እሱ ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ መቀሱን የያዝኩት። እያሰብኩ ነበር… ዓሣ ነባሪ እያሰብኩ ነበር። ሳልከተለው ቆረጥኩት። በሣር ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ሐሙስ አባዬ ሲጠይቅ እዚሁ ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞረች። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ናቸው፤ ሻያቸው በእጃቸው ነው።

«እማማ፣ ረቡዕ ሲተኙ ልነግርዎት ነበር። አልነገርኩዎትም።»

አዋላጇ ሻያቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «ሰባት ዓመት ነው ያሳደግኩት» አሉ። ደመና ይሄኔ ነው ያለቀሰችው።

ሴትየዋ ወደ ቀጮ ዞረች። «አንተስ? ያልሠራኸውን ሠራሁ የምትለው ምን ነክቶህ ነው?»

«አጥሩ የእኔ ነበር» አለ ቀጮ መሬት መሬት እያየ። «ተኛሁ። ባልተኛ አይቆረጥም ነበር።»

«ምን ያህል ተኛህ?»

«ግማሽ ሰዓት… እ… ከዚያ በለጥ ሳይል አይቀርም።»

«መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ጥላ በጣም ብዙ ነው» አለች ሴትየዋ። አባቷን አየችው። «አሁንስ ምን ትላለህ?»

አባቷ ደመናን እያየ ነበር። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ደመና ማንበብ አልቻለችም፤ ንዴት ብቻ አይደለም፤ ሌላም ነገር ነበረበት። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

«ቃሌን እሰጥለታለሁ» አለ። «ስለ እንቅልፉ እርስዎ ይወቁበት።»

ከዚያ ወደ ደመና መጥቶ ጎማውን ከእጇ ተቀበላት። አልተቆጣም፤ አላባበላትምም። «ለእናትሽ ማን ይንገራት?» አለ።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች።

«መቼ?»

«አሁን ልሂድ።»

ግቢውን በዋናው በር ወጣች። ቀጮ ከኋላዋ «ደመና!» ብሎ ተጣራ፤ እጇን አወዛወዘችለት እንጂ አልተመለሰችም። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር። የስፌት ክፍሉ በር ክፍት ነው፤ የመኪናው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። ደፉ ላይ ትንሽ ቆመችና ገባች።

ሰኞ ቀጮ መናፈሻ ሥራ ጀመረ። አዋላጇ የደረቀውን ሐረግ አስነሱትና ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የሚተኙት በጃንጥላ ሥር ሆነ። ደመና ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ የዘጠና ሦስት ሸሚዝ ቁልፍ ሰፋች።